የዘነቡ መቀነትና የዋሻው ምሰሶ

እሑድ፣ የካቲት 15። ከሰዓት በኋላ

ዛሬ ተራራ በትከሻዬ ደግፌ አቆምኩ። በዚህ አገር ከእኔ በፊት ይህን ያደረገ የለም። እሺ፣ ደብተሬ፣ አዲስ ነህና ገና ከጅምሩ አላበላሽህም። ደግፌ አይደለም፣ ተደግፌ ነው። ግን ትከሻዬ ድንጋዩን ነክቷል፣ ድንጋዩም ተራራውን ነክቷል። ያው ነው።

ቀፎዎቼን ለማየት ወርጄ ነበር። ንቦቹ ደህና ናቸው፤ ከእኔ በቀር የሚነድፉት የላቸውም። ሲያካፋ ጫካው መሐል ካለችው ዋሻችን ገባሁ። ትንሽ ናት። ሰው ሲበዛባት የአንዱ ክርን ከሌላው ጎን ይገባል። መሐሏ ላይ ጣሪያዋን የተሸከመ አንድ ምሰሶ አለ። ሰው ያቆመው አይደለም፣ ዋሻዋ ስትቦረቦር ከአሸዋ ድንጋዩ የተረፈ ነው። የድሮው ባሕታዊ ሲጸልዩ ይደገፉት ነበር ይባላል። እኔም ደከመኝና ተደገፍኩት። ከላይ አሸዋ በአንገቴ ገባ። እስከ ቀበቶዬ ወረደ።

ዘወር ብዬ ምሰሶውን አቀፍኩት። ልጆች ሳለን እኔና ሰይድ ፊትና ኋላ ሆነን ስናቅፈው ጣታችን አይገናኝም ነበር። ዛሬ ብቻዬን አቀፍኩትና ጣቶቼ ተጠላለፉ። ክንዴ አድጓል፣ ልክ ነው። ግን ያን ያህል አላደገም።

የሳሳው ወገቡ ላይ ነው፣ የሰው እጅ በሚደርስበት። ምክንያቱን አገር ያውቀዋል። እምነት! የተቀደሰ ቦታ አፈር፣ ፍቀው በውሃ በጥብጠው የሚቀቡት። ሆድ ለቆረጠው፣ ጉልበት ለያዘው፣ ላሙ ለነጠፈችበት። በጥፍር ይፍቁታል፣ በማንኪያ፣ በቢላዋ ጀርባ። ማንም አይሳቀቅም፤ የተፋቀው አድሮ ይሞላል ይባላላ። እኔም ስል ኖሬአለሁ።

መጋቢት 5 የአቦ ዓመታዊ በዓል ነው። ከቅዳሴ በኋላ አገሩ ሁሉ ወደዚች ዋሻ ይወርዳል። ዝናብ ከመጣ ሁሉም ይገባባታል።

አልወደድኩትም።

ስሜን ልጻፍና ልዝጋ። ይመር። (ዛሬ «ር» አልተንጋደደችም።)


ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ትናንት በማታው ት/ቤት መ/ርት ሰዓዳ የቤት ሥራ ሰጡን። በዕድሜ ልጄ ናቸው፣ ጠመኔ ሲይዙ ግን አንቱ ናቸው። የምናውቀውን አንድ ቦታ ታሪክ በአንድ ገጽ ጽፈን ለሰው ማንበብ። ሌሎቹ የመካነ ሰላምን ገበያ ሊጽፉ ነው። እኔ ዋሻዋን። አንድ ገጽ አይበቃኝም አልኳቸው። መጀመሪያ አንዱን ሙላ አሉኝ።

የማውቀው ይኸው። ባሕታዊው ከየት እንደመጡ የሚያውቅ የለም። ስማቸውንም አልተናገሩም። ከወይራውና ከዋንዛው መሐል ኖሩ፣ ጸለዩ፣ ሞቱ። መቃብራቸው ከላይ፣ ከአቦ ቤ/ክ ቅጥር ነው። ቆየት ብሎ ክፉ ዘመን ሲመጣ ታቦቱን ከምሰሶው ጀርባ ሸሸጉት ይላሉ ካህናቱ። በደርግ ጊዜ ጎረምሳ ለጦር ሜዳ ሲታፈስ ደግሞ አባቴ አንድ ክረምት ሙሉ እዚያ ከረመ። ስንቅ የምታወርድለት የሰይድ እናት ነበረች። ሙስሊም ናት፣ ግን የእኛን ጾም ከእኛ ይልቅ ትጠነቀቅለታለች፤ ቅቤ አታስነካውም ነበር። አንድ ቀን ሚሊሻ ደጁ ድረስ መጥቶ ማነው እዚያ አለ። አባቴ እንደ ሽኮኮ ጮኸ። ሚሊሻው ሽኮኮ ነው ብሎ ተመለሰ። አባቴ እንዳለው ነው እንግዲህ። ማጋነንን ከመሬቱ ጋር ነው የወረስኩት።

ከሰዓት። የባለቤቴን የዘነቡን መቀነት ከተሰቀለበት አንስቼ ወረድኩ። ምሰሶው በሳሳበት ጠመጠምኩት፣ ጫፉ በገጠመበት ላይ ቋጠርኩ። አድሮ ይሞላል አይደል የሚባለው? ከሞላ ጫፉ ከቋጠሮው አይደርስም። ከጎደለ ያልፈዋል። ዘነቡ አታውቅም። ካወቀች የምትቋጥረው እኔን ነው።


ዓርብ፣ የካቲት 20

ዘነቡ መቀነቷን ስትፈልግ ዋለች። እኔም አብሬ ፈለግሁ። ከልቤ። አልጋ ሥር ሳይቀር ገባሁ።

ከከላላ መልእክት መጣ። ልጃችን ጥሩነሽ እዚያ ነው የተዳረችው። ለአቦ እመጣለሁ ብላለች። ነፍሰ ጡር ናት። ዘነቡ እልል ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። የአምናው ፅንስ ወርዶባታልና ዘንድሮ እልልታችንን እንቆጥባለን።

እናትና ልጅ በስልክ ጨርሰዋል። በበዓሉ ቀን ጥሩነሽ ምሰሶው ሥር ትቀመጣለች፣ እምነቱን ፍቃ ሆዷን ትቀባለች። እንደ እሷ ያሉ ሌሎችም አሉ። ሁሉም እዚያ ጣሪያ ሥር።

ዝናቡ ዛሬም አለ። ለበልጉ ገብስ ደስ ይላል። እኔን አንገቴን ይበላኛል። ታጥቤአለሁ፣ ያ አሸዋ ግን አሁንም ያለ ይመስለኛል።


ሰኞ፣ የካቲት 23። ጊዮርጊስ

አለፈ። ጠመጠምኩት፣ ሳብኩት፣ ጫፉ ቋጠሮውን አልፎ አውራ ጣቴን የሚያህል ተረፈኝ። በዚች በጥቂት ቀን! ከጎኑ አዲስ ቋጠሮ አሰርኩ። መሬት ላይ የተሰበረ የማንኪያ እጀታ። ጣሪያው ላይ ከፀጉር የማይወፍር ስንጥቅ። አምና ነበር? እንጃ። ማን ጣሪያ ያያል!

ከቅዳሴ በኋላ ቤ/ክ ደጅ መቀነቱን ዘርግቼ አስረዳሁ። ስሕተት። የሚስቱን መቀነት ይዞ አደባባይ የወጣ ወንድ ምን እንደሚባል አትጠይቀኝ። ጎረቤታችን አለሚቱ፣ ምላሷ ከመጥረቢያ ይስላል፣ ነብር መንገድ ጠየቀኝ ያልከን አንተ አይደለህም ወይ አለች። ነኝ። «አያ ይመር፣ ነብርማ የአቦ ነው! መንገድ ቢጠፋው እሳቸውን ይጠይቃል እንጂ አንተን ምን ቤት ብሎ!» አገር ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ልማድ ነው። ዘነቡ ብቻ አልሳቀችም። መቀነቷን አይታለች።

ሰይድን ይዤ ወረድኩ። ግንበኛ ነው፤ ድንጋይ የሚያየው ሐኪም በሽተኛ እንደሚያይ ነው። ጫር አደረገው፣ ጆሮውን ለጠፈበት፣ ጣሪያውን አየ። «ወላሂ ይመር፣ አሁን ቀልዱን ተወው» አለኝ። እየቀለድኩ አልነበረም! ፊቴ ነው። ወፍራም የወይራ ድጋፍ ግራና ቀኝ ይቁምለት፣ መፋቁም ይቅር አለ።

አባ ተገኘ ዘንድ ወጣን። የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፣ የንስሐ አባቴም። ሽማግሌዎቹ አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ከአንበሳና ከነብር ጋር ለኖሩት ለአቦ ምርኩዝ ልታበጅላቸው አማረህ? አሉኝ ሽማግሌዎቹ። አባ አልሳቁም። እስከ ዛሬ ያቆመው አምላክ ያቆመዋል አሉ፣ ቀስ ብለው። ሰይድ ሲመለስ አብሽር አለኝ። እሱ ራሱ ግን መንገዱን ሙሉ ወይራ በዓይኑ ሲለካ ሄደ።


ረቡዕ፣ የካቲት 25

ጠዋት የዋሻዋን ደጅ በአጋም እሾህ አጠርኩ። የአጥር ሥራ ላይ እኔን የሚደርስ የለም። ጅብ እንኳ ዞሮ ነው የሚሄደው።

ቀትር ላይ ተመለስኩ። አጥር የለም። ማንም አልተቆጣ፣ ማንም አልተሳደበ። አንስተው ተሸክመው ሄደዋል። የአለሚቱ ምድጃ ዛሬ የእኔ አጥር ሲነድበት ዋለ። ደረቅ ነበር፣ እግዜር ይስጥህ አለችኝ።

ማታ ለመ/ርት ሰዓዳ የጀመርኩትን ታሪክ አሳየሁ። ፊደሌን አመሰገኑ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን በየመስመሩ ላይ እየነቀነቁ ይህን ማን ነገረህ፣ ይህንስ ማን ነገረህ ይላሉ። ታሪክ ከሆነ ከማን እንደተሰማ ይጻፍ፤ ያለዚያ ወሬ ነው። ካህናቱ፣ አባቴ፣ የሰይድ እናት፣ ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ወዲያው ከበደ። ገረመኝ። ያው ወሬ ነው፣ ስም ሲጨመርበት ግን ጫማ እንዳደረገ ሰው ይቆማል።


ዓርብ፣ የካቲት 27

ጥሩነሽ ገባች። ፊቷ ከስቷል፣ ሆዷ ገና ነው። ከመኪና ወርዳ አረፍ እንኳ ሳትል ወደ ዋሻው ልውረድ አለች። ማንኪያ ይዛለች። የራሷን ማንኪያ፣ ከከላላ ድረስ።

ተከትያት ወረድኩ። መንገድ ላይ ጉሬዛ አሳየኋት፣ በልጅነቷ ነፍሷ ነበር። ቀና ብላ አላየችም። ደጁ ላይ ስንደርስ እጇን ያዝኩ። አትግቢ አልኳት። አሸዋውን ነገርኳት፣ ስንጥቁን፣ መቀነቱን፣ ሰይድ ያለውን። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። «አባዬ፣ በሁሉም ነገር ቀልድ። በዚህ ግን አትቀልድብኝ» አለችና ገባች።

እኔ ደጅ። ሲፋቅ ይሰማኛል። ክርር፣ ክርር። እሷ ምሰሶውን፣ እኔ ጣሪያውን እናያለን። አሸዋ ነጠላዋ ላይ ይወርዳል፣ ጥቂት በጥቂት። እሷ በረከት ነው ብላ ትከሻዋን ታብሰዋለች።

ልጄ አላመነችኝም። እውነት ስናገር ፊቴ ምን እንደሚመስል አታውቀውም። ማንስ ያውቀዋል? እኔም አላየሁት።

ምሳ አልበላም። ጾም ነው ብያቸዋለሁ።


እሑድ፣ የካቲት 29

ደብተሬ! ዛሬ አንበሳ ነኝ!

የማኅበሩ ተራ የአለሚቱ ነበር። ጠላው ከተቀመሰ በኋላ እስቲ ይመር የማታ ትምህርትህን አሳየን አሉኝ። ለሳቅ ነው። የቤት ሥራዬን ከኪሴ አወጣሁ። ቆሜ፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ባሕታዊውን፣ ታቦቱን፣ የሰይድን እናት፣ አባቴንና ሽኮኮውን። እዚያ ላይ ሳቁ። ከዚያ መጨረሻው ላይ አያቴ የነገሩኝን አነበብኩ። ባሕታዊው ሲሞቱ አጠገባቸው የነበሩት አያቴ ናቸው። የመጨረሻ ቃላቸውን ሰምተዋል። «ምሰሶዬ ምርኩዜ ነው፣ አትንኩብኝ። እምነት የሻ ከደጄ አፈር ይዝገን።»

አለሚቱ ተነስታ መጣች። ማንበብ አትችልም፣ ወረቀቱን በጣቷ ነካችው። እውነት እዚህ ላይ ተጽፏል? አለች። ይኸውልሽ አልኳት። «ከተጻፈማ» አለች። ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹም ከተጻፈማ አሉ። አንዱማ እኔም ልጅ ሳለሁ የሰማሁት ይመስለኛል አሉ!

ዕድሜዬን ሙሉ በአፌ ስናገር የሚያምነኝ አላገኘሁም። አንድ ገጽ ጻፍኩ፣ ታመንኩ።

ጥሩነሽ ጓዳ ሆና ሰምታለች። ወደ ቤት ስንመለስ ለምን አስቀድመህ አልነገርከኝም አለችኝ። ትዝ አላለኝም አልኳት። ማንኪያዋን ለእናቷ ሰጠች።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 1

ማንኪያ የያዘ የለም። ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ተንበርክኮ አፈር ይዘግናል። ሰይድ መጥቶ አየና ሳቀ። ያ አፈር ዝናብ በመጣ ቁጥር ከገደሉ የሚታጠብ አሸዋ ነው፤ እሱ በእውነት አድሮ ይሞላል። «ባሕታዊያችሁ ግንበኛ ነበሩ እንዴ?» አለኝ። እንዴት ያለ ግንበኛ! አልኩ። ዓይኑን አላየሁትም።

መቀነቱን ጠመጠምኩ። ልጄ የፋቀችበትን አዲስ ቋጠሮ እሑድ አስሬ ነበር። ገጠመ። ምሰሶው ባለበት ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባል። ጥሩነሽ ከደጁ አፈር ትቀባለች፣ እህል መብላት ጀምራለች፣ ፊቷ መለስ ብሏል። አያትህ እንዴት ብለው ነገሩህ፣ እስቲ ድገመው ትለኛለች። ቆመው ነበር ተቀምጠው? ድምፃቸው እንዴት ነበር? እነግራታለሁ። በነገርኳት ቁጥር አንድ ነገር ይጨመራል። ትናንት በትራቸው መጣች። ዛሬ እንባቸው። አፌ አይቆምም፤ ቁልቁለት ላይ እንደተለቀቀ ቅል ነው።

ይህም ፅንስ ቢወርድባትስ? ማንን ትይዝ? ባሕታዊውን? አያቴን?

ይህን አልጻፍክም በለኝ፣ ደብተሬ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 3

አባ ተገኘ አስጠሩኝ። ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከዋሻዋ ደጅ ላይ፣ በሕዝቡ ፊት ታነባለህ አሉ። ከዚያ ዲያቆኑ በመልካም እጅ ይገለብጠውና በዕቃ ቤት ከመጻሕፍቱ ጋር ይቀመጣል። የልጅ ልጅ እንዲያነበው። የሰይድም ወይራ ይቁም፤ ባሕታዊው ምሰሶዬ ምርኩዜ ነው ካሉ ምርኩዝን በምርኩዝ ማገዝ ነውር የለውም። መጀመሪያ አንተ አንብብ፣ ቀጥሎ እሱ ያቁም።

የተመኘሁት ሁሉ ሆነ።

ልወጣ ስል አስቆሙኝ። የትኛው አያትህ ናቸው? አሉ። የአባቴ አባት አልኩ፣ ሳላስብ። እሳቸውማ ከወረኢሉ የመጡ ናቸው፣ ባሕታዊው ካረፉ በኋላ ነው ሲባል የሰማሁት አሉ። ዝም አልኩ። እኔ! ዝም! የእናትህ አባት ይሆናሉ እንግዲህ፣ አሉ ራሳቸው። መስቀሉን አሳለሙኝ። እጃቸው ግንባሬ ላይ ትንሽ ቆየ። «ልጄ፣ ቅዳሜ የምታነበውን እስከ ቅዳሜ አስብበት።»

ያውቃሉ። አያውቁም። ያውቃሉ።


ዓርብ፣ መጋቢት 4

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ለበዓሉ ሰው እየገባ ነው፣ በበቅሎ፣ በእግር። ቤታችን ሞልቷል። ዘነቡ መቀነቷን ለነገ ትፈልገዋለች፣ በጥሩነሽ ወገብ ልታስረው። ከነቋጠሮው? አልኳት። ቋጠሮውን ፈትተህ! አለችኝ። አልፈታሁም።

ሰይድ ወይራውን በአህያ አውርዶ ዋሻዋ ደጅ አጋድሞታል። የአባን ቃል ይጠብቃል። አብሬው ተቀመጥኩ። ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ጠብታው ቀይ ነው፣ አሸዋ ይዟል። ጠማማ እንጨት ቤት ይሸከማል ወይ አልኩት። ይሸከማል አለ፣ ስንት ቤት አለ በጠማማ የቆመ። ከዚያ አየት አደረገኝ። «ግን እዚያ ውስጥ የሚተኛው ሰው እንጨቱ ጠማማ መሆኑን ይወቅ። ያለዚያ ሌላ ፎቅ ይጭንበታል።»

ስለ ግንባታ ነው ያወራነው። ሌላ አይደለም።

እኔ ግን ፎቁን አየሁት። ዲያቆኑ የሚገለብጠውን። ጥሩነሽ ለልጇ የምትነግረውን፤ በትሩን፣ እንባውን። ዝም ካልኩ ምሰሶው ይተርፋል። ከተናገርኩ ማንኪያው ይመለሳል፣ ወይራው መሬት ላይ ይቀራል፣ ዝናቡም ይኸው። ልጄ ሥሩ ትቀመጣለች።

ሁለቱም ያስፈራል። እንዲህ ያለ ነገር ለቀልደኛ አይሰጥም።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 5። አቦ። ጠዋት

የመጀመሪያው ደወል ተደውሏል። ጥሩነሽ ለብሳ ደጅ ቆማለች፣ ነጠላዋ ነጭ ነው። ወረቀቱ በቀኝ ኪሴ፣ መቀነቱ በግራ። ዘነቡ መቀነቴስ አለች። እስከ ቀትር አበድሪኝ አልኳት። አላሾፍኩም። አየችኝ፣ ተወችኝ።

ወስኛለሁ።

ወረቀቱን እስከ ሽኮኮው ድረስ አነባለሁ። እዚያ ላይ ይስቃሉ። ከዚያ አጥፌ ኪሴ እከታለሁ፣ መቀነቱን አወጣለሁ። ቋጠሮ በቋጠሮ። ይህ የልጄ ማንኪያ ነው፣ ይህ የእናንተ ነው፣ እላለሁ። የመጨረሻውን መስመር ከየት እንዳመጣሁትም እላለሁ። አባ ፊት፣ መስቀሉ ፊት። አለሚቱ የፈለገችውን ትበል። ማንኪያ ካነሱም ቀድሜያቸው እገባለሁ። ምሰሶውን በትከሻዬ ተደግፌ እቆማለሁ፣ ሰው የሚፍቅበት ወገቡ ላይ። የሚፍቅ እኔን ይፍቅ። ጣሪያው ከወረደ በእኔ ይጀምር። ያን ጊዜ ፊቴን ያዩታል። ይለዩታል ብዬ አስባለሁ።

ለሰው ከመናገሬ በፊት ግን ለአንተ። አንተንም አሞኝቼሃለሁ፣ ደብተሬ። ከነብሩ የባሰ ነው፤ ነብሩንስ ማንም አላመነው። አያቴ ስለዚያች ዋሻ የነገሩኝ ነገር ቢኖር ሽኮኮ አይጠፋባትም የሚል ብቻ ነው። ባሕታዊው ሲሞቱ አጠገባቸው ማን እንደነበረ አላውቅም። ምን እንዳሉም አላውቅም፣ ምናልባት ምንም አላሉም። ምሰሶዬ ምርኩዜ ነው፣ አትንኩብኝ ያልኩት እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት ከደጅ ቆሜ፣ ጥሩነሽ ውስጥ ስትፍቅ፣ አሸዋው ነጠላዋ ላይ ሲወርድ፣ እጄን ዘርግቼ ላወጣት አልቻልኩም፣ ቃሉ ብቻ አፌ ላይ መጣልኝ፣ እና እኔ… ሁለተኛው ደወል! ልሂድ።